ስክሪኑ ላይ የማትታየው ጀልባ

አጎቴ ከራቤል ወደ ሞላሌ የመጡት እኔ ለዕረፍት ወላጆቼ ቤት በገባሁ በሳምንቱ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ለቅሶ ወይም ሠርግ ካልጠራቸው ከወረዳቸው ከግሼ የማይወጡ ሰው ስለሆኑ፣ እናቴ በሩ ላይ ስታያቸው ደንግጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ማን እንደሞተ ነበር። እሳቸውም «እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት» ብለው ገቡ።

ነገሩ ስለ ታላቋ ልጃቸው ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ቀረ። ቀበሌው ሥራ አጥ ወጣቶችን መዝግቦ፣ ተደራጁ፣ ዶሮ ይሰጣችኋል ብሎ ስብሰባ ሲያመላልሳቸው ከረመ፤ ዶሮው ግን አልመጣም። በዚያ ላይ በልጉ ቀረ፣ የመኸሩን ገብስ ውርጭ መታው። ልጅቷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ ቆላው ወረደች፤ በአፋር በኩል አድርጋ ጅቡቲ ገባች። ሐሳቧ የመን ተሻግሮ ሳዑዲ መድረስ ነበር። ጅቡቲ ባሕር ዳር ካለችው ከኦቦክ ከተማ በሰው ስልክ ደወለች። አጎቴ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥተው አነጋገሯት። ባሕሩ ጠባብ ነው አሉን፣ ነገ እንሻገራለን፣ አባዬ አታስቡ አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ አልተሰማም። ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፣ ገብሱ አሸተ፤ አጎቴ በየቀኑ ጉብታው ላይ እየወጡ ይወርዳሉ።

እኔ በዚያን ጊዜ የጭነት መርከብ ላይ ሦስተኛ መኮንን ነበርኩ። የመንዝ ልጅ ባሕረኛ ሆነ ሲባል ሰው ይስቃል፤ ጣና ዳር ሠልጥኜ ጅቡቲ ላይ መርከብ እስክሳፈር ድረስ እኔም የጨው ውሃ አላየሁም። ሥራዬ ጠዋት ጠዋት መሪ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ መርከቧ ከተሰመረላት መንገድ እንዳትወጣ መጠበቅ ነው። ለዚህም ፕሎተር የምንለው የኤሌክትሮኒክ ካርታ አለ። ስክሪን ነው፤ ባሕሩን፣ የብሱን፣ የውሃውን ጥልቀትና ከውሃ በታች ያለውን ዐለት ያሳያል። መርከባችን መሐሉ ላይ ትንሽ ሆና ትታያለች፣ ከሳተላይት በሚመጣ ምልክትም ስትሄድ ካርታው አብሯት ይሄዳል። ሌሎቹ ትልልቅ መርከቦች ስማቸውንና ፍጥነታቸውን በራዲዮ ስለሚልኩ እነሱም ይታያሉ።

ይህንን ለእናቴ ባለፈው ዕረፍቴ ነግሬያት ነበር። እሷ ደግሞ ለማኅበሯ ሰዎች ነገረች፤ ከእነሱ አፍ ወደ ገበያ ወጣ፣ ከገበያ ግሼ ደረሰ። ግሼ ሲደርስ ነገሩ አድጎ፣ የእገሌ የእህት ልጅ ባሕር ላይ ያለውን ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን ያያል ሆኗል።

አጎቴ እግራቸውን ታጥበው፣ የቀረበላቸውን ሳይነኩ፣ ልጃቸው በየት በኩል እንዳለች እንድመለከትላቸው ለመኑኝ። መሣሪያው መርከቧ ላይ እንጂ ኪሴ ውስጥ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። እንግዲያ ስትመለስ እይልኝ አሉ። ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ፕሎተሩ የሚያሳየው ምልክት የሚልክ መርከብን ነው፤ ሰው የሚያሻግሩት የእንጨት ጀልባዎች ምንም አይልኩም፤ አጠገባችን ቢያልፉ እንኳ ስክሪኑ ላይ የሉም አልኳቸው። እያጎነበሱ በጥሞና ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር እናገር ይሆናል ብለው የጠበቁ ይመስለኛል። ስጨርስ ቀና አሉና፣

«ምልክት ያልያዘ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል ማለት ነው?» አሉ።

እናቴ ወንድሟን አንገታቸውን አቅፋ ማልቀስ ስትጀምር፣ ገና ነው፣ አታሟርቺ ብለው ገፋ አደረጓት። በማግስቱ ከመሳፈራቸው በፊት፣ ቢሆንም እይልኝ አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ሥራ ላይ ስመለስ ከጅዳ ወደ ጅቡቲ ስንወርድ የባብ ኤል መንደብን ጠባብ መተላለፊያ የምናቋርጠው በእኔ ተራ ሆነ። እዚያ ቦታ ላይ ካርታው እንደ መኪና መንገድ ወጪና ወራጅ ተብሎ ተከፍሏል። ፀሐይ ወጥታ ባሕሩ ያብለጨልጫል፣ ንፋስ አለ፣ ሞገዱ ነጭ ነጭ ይላል። ስክሪኑ ላይ ከፊታችን ሁለት የነዳጅ መርከቦች፣ ከኋላችን አንድ ኮንቴይነር ጫኝ ይታያሉ። ሌላው ሰማያዊ ነው። ራዳሩም ላይ ከሞገዱ ብዥታ በቀር የማየው አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው አብሮኝ ተረኛ የነበረው መርከበኛ በጣቱ ወደ ግራ ያሳየኝ። የሩቅ ማያ መነጽሩን አንሥቼ አየሁ። ረዘም ያለች የእንጨት ጀልባ ናት፤ ከክብደቷ የተነሣ ጠርዟ ከውሃው ብዙም አይበልጥም። ውስጧ ሰው ተጠቅጥቋል። ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች አየሁ። አለባበሳቸውን ለማወቅ እኔ መነጽርም አያስፈልገኝም ነበር። አንዳንዶቹ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ሰላምታ ይሁን እርዱን ማለት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንዲያ ያለ ነገር ሲያጋጥም ካፒቴኑን መጥራት ግዴታ ነው። ሕንዳዊ አዛውንት ነበሩ፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን የባሕር ወንበዴዎች መርከብ የሚጠልፉበት ዘመን ነው፤ ወደ መርከብ የምትቀርብ ትንሽ ጀልባ ሁሉ ትፈራለች። መርከቧ ወደ ቀኝ እንድትዞር፣ ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ ማንም እንዳይጠጋ በጠርዙ ዙሪያ የውሃ ቱቦዎቹ እንዲከፈቱ አዘዙ። እነዚህ የአገሬ ሰዎች ናቸው፣ መንገደኞች ናቸው አልኳቸው። መነጽሩን ተቀብለው ረዥም ጊዜ አዩ።

«ልክ ልትሆን ትችላለህ» አሉኝ። «ሴቶችን ፊት አስቀምጠው የሚመጡም አሉ።»

ትእዛዙን ፈጸምኩ። የባሕር ዳርቻ ጥበቃውን በራዲዮ ጠርቼ ጀልባዋን ያየንበትን ቦታ ከፕሎተሩ እያነበብኩ ነገርኳቸው። ተቀብለናል አሉ። ሄዱ አልሄዱ የነገረን የለም። ጀልባዋ ከኋላችን እየራቀች፣ በሞገዱ መሐል ብቅ ጥልቅ እያለች፣ በመጨረሻ ከዓይኔ ጠፋች። የአጎቴ ልጅ ከዚያ ብዙ ወራት በፊት ስለተሻገረች በእሷ ውስጥ ልትኖር እንደማትችል አውቃለሁ። ሆኖም ተረኛ መኮንን የማይቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ፕሎተሩ መርከቧ ያለፈችበትን መንገድ በመስመር እየሣለ ያስቀራል። ስመለከተው መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣና ወደ ቀኝ ይጎብጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቀናል። ላየው ሰው፣ ምንም በሌለበት ባሕር ላይ ዝም ብለን የዞርን ይመስለዋል።

ጅቡቲ ወደብ ስንቆም ወደ ከተማ ወጣሁና ከአጣዬ በኩል የመጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ሄድኩ። ልብስና ብርድ ልብስ ይሸጣሉ፤ ባሕረኞች ሐጂ ነው የምንላቸው። ለመሻገር የሚመጣው ሁሉ በደጃቸው ስለሚያልፍ ብዙ ያውቃሉ። ጉዳዩን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን እየገፉ ሰሙኝና እንደሚያጠያይቁ ቃል ገቡልኝ። በሚቀጥለው ጉዟችን ስመጣ የአጎቴ ልጅ ከተሳፈረችባት ጀልባ የተረፈች የወሎ ልጅ አግኝተውልኝ ነበር። አንድ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በሱቁ ጓዳ፣ ሐጂ ባሉበት፣ አነጋገርኳት።

ጀልባዋ ከኦቦክ ወጥታ መተላለፊያው አፍ ላይ ያሉት ትንንሽ ደሴቶች ጋ ሳትደርስ ሞተሯ ቆመ አለችኝ። ሞገዱ በጎን መታትና ገለበጣት። ከእሷ ጋር አንድ ነጠላ ተካፍላ ያደረች የግሼ ልጅ ነበረች፤ አገሬ ራቤል ነው ብላታለች፤ ስሟም የአጎቴ ልጅ ስም ነበር። ሁለቱም አንዲት ባዶ ጀሪካን ይዘው ተንሳፈፉ። ዓሣ አጥማጆች የደረሱት ወደ ማታ ነው።

«ከዚያ በፊት ዞር ስል አልነበረችም» አለች። «ስትሄድ አላየኋትም። እጄ ብቻ ቀለለኝ።»

ሐጂ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አሠሪዋ እንዳትቆጣት ቶሎ መመለስ እንዳለባት ተናግራ ወጣች።

ከወደቡ ስንወጣ፣ በተራዬ፣ የስክሪኑን ጠቋሚ ልጅቷ ወደ ነገረችኝ አካባቢ ወሰድኩት። ካርታው ላይ የጥልቀት ቁጥሮች አሉ፣ የውሃውን አወራረድ የሚያሳይ ቀስት አለ። የሰመጠ መርከብ ያለበት ቦታ በካርታ ላይ የራሱ ምልክት አለው፤ እዚያ ግን ምልክት አልነበረም። ምልክት የሚደረገው የመርከብ ሆድ ሊቀድ ለሚችል ነገር ነው። እኔው አንዲት ትንሽ መስቀል መሳይ ምልክት አደረግሁበት። ካፒቴኑ ቡናቸውን ይዘው ሲገቡ አዩዋትና ምን እንደሆነች ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቡናቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ፣ ለጉዞ የማያስፈልግ ምልክት ካርታው ላይ መኖር እንደሌለበት፣ መርማሪዎች ቢያዩት እንደሚጠይቁ በቀስታ ነገሩኝ። አጠፋኋት።

በቀጣዩ ዕረፍቴ ራቤል ሄድኩ። አጎቴና ሚስታቸው፣ ታናሿም ልጃቸው ቤት ነበሩ። ታናሿ ከትምህርት ቤት መጥታ በጎቹን ታስገባለች። የሰማሁትን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። ስጨርስ የአጎቴ ሚስት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤

«አንተ አየሃት?»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«ያቺስ ልጅ ስትሞት አይታታለች?»

አላየችም አልኳቸው። እንግዲያ ያላየኸውን በቤቴ አትናገር ብለው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። አጎቴ አውጥተው ከአጥሩ ጀርባ ወሰዱኝ፤ ገደሉ ከዚያ ይጀምራል። ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል አሉኝ። ቁጥሩ ምንም ስለማይላቸው ቁልቁል ጠቁሜ፣ ከዚህ እስከዚያ ማዶ እርከን ድረስ ይሆናል አልኳቸው። ጭጋጉ ከሥር ይወጣ ነበር። እርከኑን እስኪጋርደው ድረስ ሲያዩት ቆዩ።

አጎቴ ልጃቸው መሞቷን ያመኑት በዚያን ቀን ነው። ሚስታቸው ግን አላመኑም። የነፍስ አባታቸው ተጠርተው፣ በሩቅ አገር ለሞተም ፍትሐት ይደረግለታል ቢሉም፣ እናቷ ግን፣ በሕይወት ባለች ልጄ ላይ ፍትሐት አይደገምም ብለው እምቢ አሉ። ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ደጁን ዘጉበት። አጎቴ በመጨረሻ ሞላሌ መጡ፤ በእናቴ አጥቢያ፣ በጠዋት፣ ከእሳቸው ጋር እናቴና እኔ ብቻ ቆመን ፍትሐቱ ተደረገ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። ቄሱ ስመ ክርስትናዋን ሲጠሩ አጎቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ወሬው ራቤል ለመድረስ ሁለት ገበያ አልፈጀበትም። የአጎቴ ሚስት ሲሰሙ ለባላቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ዘመሮ ከተማ ወዳለው ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ሽማግሌ ተላከ፤ ልጄን ከቀበረ ሰው ጋር ማዕድ አልቆርስም ብለው መለሱት። ኋላ ዘመሮ ሄጄ ነበር። ሰላምታዬን ተቀበሉ፣ እንግዳ ማስተናገድ ስለማይቀር ጠላም ቀዱልኝ፤ ፊቴን ግን አላዩም። ለእሳቸው ልጃቸውን የገደልኳት እኔ ነበርኩ፤ ወሬውን ባላመጣ ኖሮ ሳዑዲ ሰው ቤት እየሠራች ትኖር ነበር።

እኔ በዚያው ሥራ ቀጠልኩ። መርከቧ አዲስ ፕሎተር ተገጠመላት፤ ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ቀለሙ ጥርት ያለ ነው፣ የዳርቻውን አሸዋ እንኳ ለይቶ ያሳያል። በመተላለፊያው ሳልፍ እሱን ትቼ በመስኮት ነው የማየው። አንዳንዴ ጀልባ አያለሁ፣ ብዙ ጊዜ ግን አላይም፤ ሳላይ ስቀርም የሌሉ ናቸው ለማለት አልደፍርም።

መጨረሻ ራቤል የሄድኩት የገብስ አጨዳ ደርሶ ነው። የአጎቴን ማሳ ሌላ ሰው ምርቱን እኩል ሊካፈል ይዞ ያጭደው ነበር። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል። ታናሿ የት እንደሄደች ጠየቅሁ፤ አሥረኛ ክፍል መጨረሷን ሰምቼ ነበር።

«ወረደች» አሉኝ።

በየት በኩል አልኳቸው።

«በዚያው ነዋ። በየት አለና።»

ስልካቸው ጭናቸው ላይ ነበር። ጉብታው ላይ ግን አልወጡም።