ሽማግሌ የለበሰው ካፖርት

ነገሩ ሁሉ ቤታችንን ያስከፈለው ሦስት የሱፍ ካፖርትና አንዲት አክስት ነው። ዛሬም ሱቄ ውስጥ አዲስ ቦንዳ ስፈታ፣ ያ የናፍታሊንና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ከጆንያው ሾልኮ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እየተከራከረኝ እንኳ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ደንበኛውም በሰጠው ዋጋ የሳቅሁበት ይመስለውና ጨመር ያደርግልኛል፣ እኔም አላርመውም።

የምንኖረው ካይሮ፣ አይን ሻምስ በሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ እኛ ከመግባታችን በፊት በሞተ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባዬ የሰልባጅ ኮት ነጋዴ ነበር፤ ሱቅ ስላልነበረው ሳሎናችንን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በብረት ዘንግ ከፍሎ ኮቶቹን እዚያ ይሰቅል ነበርና፣ በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ራስ የሌላቸው ሰዎች ሰልፍ ነበር። በሙቀቱ ወራት ማንም ኮት ስለማይገዛ ቦንዳዎቹ አልጋችን ይሆኑ ነበር። የአባዬ ታናሽ እህት፣ አክስቴ የሺ፣ ቀን ቀን ማዓዲ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ የሰው ቤት ሠርታ በሜትሮ ትመለስና፣ እኔና እሷ ቦንዳው ላይ ተንጋለን ሐብሐብ እየበላን፣ የማን ፍሬ ይርቃል እያልን በመስኮቱ ወደ ውጭ እየተፋን እናመሽ ነበር። እሷ ሁልጊዜ ታሸንፈኝ ነበር፤ ትልቅ ሰው ነኝ ብላ የምትለቅልኝ ነገር አልነበረም።

ሙቀቱ መለስ ሲል አባዬ ገበያ ወርዶ ቦንዳ ይመርጥ ነበር። ቦንዳ የሚገዛው ሳይፈታ ስለሆነ፣ እጁን በስፌቱ ቀዳዳ አስገብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የበሽተኛ ሆድ እንደሚዳብስ ሐኪም ጨርቁን በጣቱ እያየ ይወስን ነበር። በዚያ ዓመት ጣቱ የመረጠለት ትሬንች ኮት ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ በመሆኑ ኮትና ዝናብ በእሱ አእምሮ መንታ ነበሩ፤ በዚያ ላይ ትሬንች ኮት ውሃ አያስገባም፣ ወገቡ ላይ ቀበቶ፣ ትከሻው ላይ እንደ ማዕረግ ያለ ጥብጣብ አለው፣ ያጠለቀው ሁሉ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይመስላል። እማዬ አንዱን አንስታ ገበሩን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ፣ ይሄ ለዚህ አገር ብርድ ወረቀት ነው አለችው። አባዬ ንግድ እንደማታውቅ ነገራት። የሆነ ሆኖ ስትጨቀጭቀው ጊዜ ጥቂት ምርጥ የሱፍ ካፖርቶችም ለየብቻ ገዝቶ በዘንጉ ጫፍ ሰቀለ።

ብርዱ መጣ፤ ዝናቡ ቀረ። አንድ ቀን ብቻ ዘንቦ፣ አባዬም እጁን እያፋተገ ትሬንች ኮቶቹን ወደ በሩ አቅርቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ ካይሮ ሲዘንብ መንገዱ ሐይቅ ስለሚሆን ማንም ከቤቱ አይወጣምና፣ ያን ቀን ደረጃችንን የረገጠች ድመት እንኳ አልነበረችም። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች።

እማዬ ያወቀችው አባዬ ያላወቀው ነገር ይህ ነበር፤ የካይሮ ብርድ ያለው ደጅ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። ደጅ ፀሐይ አለ፤ ሲሚንቶው ግን ሌሊት የጠጣውን ብርድ ቀን ሙሉ ሲተፋ ይውላል። ስለዚህ ሌላው ዓለም ሲወጣ የሚለብሰውን እኛ ስንገባ እንለብስ፣ ስንወጣ እናወልቅ ነበር። ማታ ማታ ከዘንጉ ላይ ካፖርት አውርደን፣ ጠዋት ለደንበኛ አራግፈን መልሰን እንሰቅል ነበር። የእኔ እግሬን አልፎ ወለሉን ይጠርግ ስለነበር እማዬ መጥረጊያ መግዛት ተውኩ ትል ነበር። እጄን ኪሱ ውስጥ ስከት የማላውቀው አገር የባቡር ቲኬት አገኝና፣ እኔና የሺ እየተጋፋን በዚያ ባቡር እንሄድ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ደረጀ የመጣው። ማዓዲ፣ የሺ ከምትሠራበት ቤት አጠገብ ወጥ ቤት የሚሠራ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ፣ የሺን ሊያገባ የሚፈልግ ሰው ነበር። ቀይ ባሕር ዳር፣ ሁርጋዳ ከተማ፣ ሆቴል ሥራ አግኝቶ፣ ዓቢይ ጾም ሲገባ መሄዱ ነበር። ጾሙ ሳይገባ ካልተጋቡ ብቻውን ይሄዳል፤ የሺም ይህን ስታስብ የሐብሐብ ፍሬ የተፋችበት መስኮት ላይ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር። አባዬ ሰውየውን አልጠላውም፤ ግን ደንቡ ነው፣ ሽማግሌ ሁለት ሦስቴ ሳይመለስ ልጅ አይሰጥም አለ። ሦስቴ ከተመለሱ ደግሞ ጾሙ እንደሚገባ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር አባዬ የሺ ከሄደች ቤቱ ጭር እንደሚል ፈርቶ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ሊመጡ፣ ደረጀ ሐሙስ ዕለት ራሱ መጣ። ሽማግሌዎቹ የዘብ፣ የጫማ ሰፊ፣ የመኪና አጣቢ ልብስ እንጂ ለክብር የሚሆን እንደሌላቸው ነግሮ፣ ኮት እንዲመርጥለት አባዬን ለመነው። ነጋዴ ገዢን አይመልስም፣ የእህቱን ፈላጊም ቢሆን። አባዬ በዘንጉ ጫፍ የተሰቀሉትን ካፖርቶች አልፎ ሦስት ትሬንች ኮት አወረደለት።

«ለሽምግልና ማለት ይሄ ነው። ያዕኒ፣ ምን ልበልህ፣ የአምባሳደር ነገር አለው» አለው።

ደረጀ እንደወጣ አባዬ እየሳቀ ያልተሸጠልኝን ለጠላቴ ሸጥኩ አለ። እማዬ፣ ሰዎቹ እዚህ ቤት ውስጥ ቆመው ነው የሚያወሩት፣ አስበኸዋል ወይ ስትለው፣ «ማሌሽ፣ ግድ የለም» ብሎ አለፋት።

እሑድ መጡ። ቀበቷቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ኮሌታቸውን አቁመው፣ ለድርድር የመጡ የመንግሥት ልዑካን መስለው በተርታ ቆሙ። መሪያቸው ጋሽ ታዬ ኦልድ ካይሮ ጫማ የሚሰፉ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። አባዬ ወፍራም ካፖርቱን ደርቦ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የደረጀን ዘር እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራቸው ጀመር። እኔና የሺ ከተሰቀሉት ኮቶች ጀርባ ተደብቀን በእጅጌዎቹ መሐል እናይ ነበር። አራተኛው ቅድመ አያት ላይ ሲደርሱ መኪና አጣቢው እግሩን ማፈራረቅ ጀመረ፤ አምስተኛው ላይ ዘቡ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ፤ ስድስተኛው ላይ የጋሽ ታዬ ጥርስ ስለተፋጨ የሰውየው ስም ሁለት ቦታ ተቆርጦ ወጣ። አባዬ ግን ተረጋግቶ፣ እንግዲህ መክረን ሌላ ቀን እንመልሳለን ሲል፣ ጋሽ ታዬን ሳል ያዛቸውና ዘንጉን ተደገፉ።

እማዬ ከጓዳ ወጣች። ድምጿን ሳታነሳ፣ «ንጉሤ፣ እንግዳ ቤትህ ውስጥ ከታመመ ነውሩ የማን ነው?» አለችው።

አባዬ ቀላ። ተነስቶ ከዘንጉ ጫፍ ሦስቱን ምርጥ ካፖርቶች አወረደ፤ ልክ በዓይኑ ስለሚያውቅ አንዱንም አልሳተም። እየዞረ አለበሳቸው፣ ትከሻቸውን ጠረግ ጠረግ አደረገ፣ የጋሽ ታዬን ቁልፍ ራሱ እስከ አንገት ቆለፈላቸው። ጋሽ ታዬ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱና ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ።

«እኔ ተቀመጡ ያልኩ አልመሰለኝም፣ ጋሽ ታዬ» አለ አባዬ።

እስከዚያ ድረስ እርስዎ እያሉ ሲያነጋግሩት የነበሩት ሰውዬ ድንገት ቤተኛ ሆኑ። «አለበስከን እኮ። ሽማግሌ አልብሶ እምቢ ያለ ቤት ሰምተህ ታውቃለህ? እንግዲያውስ ወይ ልጅቱን ስጠን፣ ወይ ና ግፈፈን።»

አባዬ ቆለፍ አድርጎ የጨረሳቸውን ቁልፎች አየ። ሽማግሌ ገፈፈ የሚለው ወሬ በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሳያልቅ ሐበሻውን ሁሉ እንደሚያዳርስ ያውቅ ነበር። ያን ጊዜ የሺ ከኮቶቹ መሐል በሳቅ ፈነዳች፤ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፣ መስቀያዎቹ ሁሉ ተንኳኩ። አባዬ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነከሰ፣ አልቻለም።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ሰጠናችሁ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ትሬንች ኮቶቹን ግን መልሼ አልቀበልም፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ሠርጉ በቅበላው ሳምንት ሆነ። ጾሙ ሲገባ የሺ ከደረጀ ጋር በአውቶቡስ ወደ ሁርጋዳ ሄደች፤ አባዬ ጣቢያው ድረስ ሸኝቷት ሲመለስ በዚያ ፀሐይ ካፖርቱን ሳያወልቅ ቤት ገባ። ጋሽ ታዬ ግን የእሳቸውን ለፋሲካም ለብሰውት፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ፣ የሽምግልና ደሞዜ ነው እያሉ ለየሰዉ ያሳዩ ነበር።

አሁን ሱቅ አለኝ፣ ቤቴ በኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ወጣቶቹ ለቢሮ ትሬንች ኮት ብቻ ይጠይቁኛል፣ እቤታቸው ሲገቡም እንደኔው ማሞቂያ ይሰካሉ። ያኔ ገና ያልተወለደችውን ታናሽ እህቴን ባለፈው ዓመት ሽማግሌዎች ለጋብቻ ጠይቀዋት ነበር። በስልክ ቪዲዮ፣ እያንዳንዳቸው ከየቤታቸው። ከመጀመሪያውም ተቀምጠው ነበር፤ ጉዳዩ ሻይ ሳይፈላ አለቀ፣ እኛም ደስ ብሎን ስልኩን ዘጋን። አባዬ፣ ማንም አልበረደውም እንዴ ብሎ ጠየቀ።

የዘንድሮው ሒሳብ፤ ትሬንች ኮት አልቋል፣ ካፖርት ሰባት ቀርቷል፣ የሚለብሰው አልመጣም።