ግድግዳዬ ላይ የተገኘው ድርጅት

በደርግ ጊዜ መካኒሳ አቦ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። መሥሪያ ቤታችን ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒውተር አስገብቶ ስለነበር፣ እሱን የሚያስተዳድር ሰው ለመሆን ቋምጬ ነበር። ማሽኑን የምነካው በሳምንት አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ፋይል የሚቀመጥባቸውን ማውጫዎች ወረቀት ላይ ስዬ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩ። ከላይ የሁሉም መነሻ የሆነው «ሩት»፣ ከሥሩ «ቢን»፣ «ዴቭ»፣ «ቴምፕ»፣ ሁሉም በየሳጥናቸው፣ በመስመር ተያይዘው። ከሥራ ስመለስ የማወራው ከነሱ ጋር ነበር።

አከራዬ አይታው ጠቁማ ኖሮ አንድ ቀን ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ከግድግዳዬ ያስነሳውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«ይሄ የድብቅ ድርጅት አወቃቀር ነው። ሩት የምትሉት መሪያችሁ የት ነው ያለው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰው እኮ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ቦታ ነው።»

«ቴምፕ የሚባለውስ?»

«እሱ ለጊዜው ነው። ውስጡ ያለው በኋላ ይጠፋል።»

«ማን ነው የሚያጠፋው?»

ባስረዳሁ ቁጥር ይብስብኛል። በመጨረሻ አንዱ አብዮት ጥበቃ ጠጋ ብሎ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ።

«ሂድ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በርህን ስናስጠብቅ ከረምን። ድርጅት ቢኖርህ ኖሮ አንድ ሰው እንኳ ያንኳኳ ነበር።»