ያልተጎተተው ትእዛዝ

በ1930 ዓ.ም. ቡታጅራ ላይ ቃጫ እየነገደ የሚኖረው ባዩ፣ ከማይጨው በፊት የክብር ዘበኛ ወታደር እንደነበር የሚያውቁት ሚስቱ ተናኘወርቅና ጎረቤቱ ከማሉ ብቻ ነበሩ። ጣሊያን የድሮ ዘበኞችን እየለቀመ ያስር ስለነበር የደንብ ልብሱን እንሰቱ ሥር ቀብሮታል። እግሩን ግን የት ይቅበረው? አምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ ያሰለፈው እግር ነው። ወልደአማኑኤል «ተጠንቀቅ» ሲል መጀመሪያውን ከሆዱ አውጥቶ «ተጠን-ን-ን-ን» እያለ ይጎትተዋል፤ ሰልፈኛው ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ከዚያ «ቀቅ!» ሲል የመቶ ሰው ተረከዝ በአንዴ ይጋጫል። ባዩ ዛሬም ገበያ መሀል ሰው ድምፁን ጎትቶ ሲጣራ ከሰማ ተረከዙ ሊገጥም ይዳዳዋል።

አንድ ማለዳ የከተማው ወንድ ሁሉ ተነድቶ ሜዳው ላይ ተሰለፈ። ጣሊያኑ መቶ አለቃ በአስተርጓሚው በአዳነ በኩል፣ «ከመካከላችሁ ዘበኛ እንዳለ ደርሰንበታል። አሁን እግሩ ራሱ ያጋልጠዋል» አለ። ከዚያም ከመኪና ላይ እጁ የታሰረ ሰው አወረዱ።

ወልደአማኑኤል ነበር። ከስቷል። ዓይኑ ሰልፉን ሲቃኝ ባዩ ላይ ደረሰና ሳይቆም አለፈ።

«ዘበኞችህን እንደምትጠራው ጥራ» ተባለ። ወታደሮቹ ጎንበስ ብለው የሰልፈኛውን እግር ማየት ጀመሩ።

ከጎኑ የቆመው ከማሉ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «በአላህ፣ እግርህን ያዝ» አለው።

ባዩ የእግሩን ጣቶች አፈሩ ውስጥ ቀበረ። እንደማያድነው ግን ያውቃል። ያ ድምፅ ከመጣ እግሩ የሱ አይደለም።

ወልደአማኑኤል ደረቱን ነፋ። ባዩ ያን ጉተታ ጠበቀ።

«ተጠንቀቅ!»

ጉተታው የለም። ጣሊያኑ ባንዶቹን በየማለዳው «አተንቲ!» እያለ እንደሚያስደነብራቸው፣ ባጭሩ እንደ ጅራፍ ጮኸ። ባዩ ደነገጠ እንጂ እግሩ አልተነቃነቀም።

«ድገም!»

ሁለተኛው ከመጀመሪያውም አጠረ። የተነቃነቀ ተረከዝ የለም። መቶ አለቃው ፊቱ ቀላ፤ ወደ አዳነ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀው። አዳነ አዲስ አበባ ያደገ ነውና የዘበኞቹን ሰልፍ ስንቴ ቆሞ አይቷል። ባዩ ጣሊያንኛ ባያውቅም ጥያቄው «ዘበኞቹ የሚጠሩት እንዲህ ነው?» የሚል መሆኑ ገባው። አስተርጓሚው እስረኛውን አየ። ቀጥሎ ሰልፉን አየ። ጉሮሮውን ጠረገና «ሲ፣ ሲኞር» ብሎ አዎንታውን ሰጠ።

እስረኛውን በሰደፍ ደብድበው መኪናው ላይ ጣሉት። ባዩ ቀና ብሎ ሊያየው እንኳ አልደፈረም። በሦስተኛው ቀን በአረቅጥ በኩል አድርጎ ወደ አርበኞቹ ወጣ።

ጣሊያን እንደተባረረ ሲያጠያይቅ፣ ወልደአማኑኤል እስር ቤት እንዳለ መሞቱን ሰማ። የአምሳ አለቃው ሚስት የሺመቤት ወልቂጤ እንዳለች ሲነግሩት በእግሩ ሄዶ አገኛት፤ የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችውና፣

«በሞቴ፣ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር?» አለችው።

ባዩ ሊዋሻት አልሆነለትም። «የለም፣ እትዬ። የራሳቸውን ድምፅ አላወጡትም። አውጥተውት ቢሆን እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።»

የሺመቤት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «በል ቁጭ በል» አለችውና፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲነግራቸው ልጆቿን ከጓሮ ጠራች።