ውኃ ያቀበሉለት ግድግዳ

አቶ ይርጋ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ሃያ ሦስት ዓመት ሻንጣ ጭነዋል። ጋሉስ በሚባል ሰፈር በኪራይ ሲኖሩ የጎረቤት ሳል በግድግዳ እየሰሙ ነው ልጅ ያሳደጉት። በ2008 ዜክባህ በሚባል ሰፈር አንዲት ትንሽ አሮጌ ቤት ገዝተው እንኳን ደስ አለዎ ልንል ስንሄድ፣ መጀመሪያ ያሳዩን ሳሎኑን አልነበረም፤ በቤቱ ጎን ያለውን ጠባብ መተላለፊያ ነው። መሐሉ ገብተው ክርናቸውን ወዲያና ወዲህ ዘረጉ። አንደኛው ክርን የቤታቸውን ግድግዳ፣ ሌላው የጎረቤቱን የሽቦ አጥር ነካ።

"በዚህ በኩል ከመንገድ እስከ ጓሮዬ ማንንም ሳላስቸግር እገባለሁ" አሉን።

ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ከፊት ለፊት አምስት ደረጃ አለው። መተላለፊያው ግን በዝግታ ሽቅብ ወጥቶ ከኋላ ካለው የወጥ ቤት በር ያለ ደረጃ ያደርሳል። ስፋቱ ዘጠና አምስት ሳንቲ ሜትር ነበር። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ጎረቤታቸው ሄር ኖል፣ በኛ አቶ ኖል፣ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው። ጥሩ ሰው መሆኑን ከአሁኑ ልናገር፤ ኋላ ክፉ ሰው ስትፈልጉ እንዳትደክሙ። በ2010 በጋ ደረጃ መውጣት ላቃታቸው እናቱ አንድ ክፍል ከቤቱ ጎን ሊቀጥል ተነሣ። የሽቦ አጥሩ ተነቀለ፣ ሠራተኞች የግድግዳውን መሥመር ገመድ ወጠሩ። አቶ ይርጋ ከጠዋት ፈረቃ ሲመለሱ ገመዱን አዩና ቆሙ። ቤቱን የሸጠላቸው ሰው የድንበሩን ድንጋይ ከአጥሩ ሐረግ ሥር ገልጦ አሳይቷቸው ነበር። ገመዱ ድንጋዩን አልፎ ወደሳቸው ገብቷል።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነገሯቸው።

"ታዲያ ሂድና ንገረው።"

"አሁን? ሠራተኛ ሰብስቦ፣ ሲሚንቶ አስደፍቶ?"

"እና መቼ? ጣራ ሲያለብስ?"

አቶ ይርጋ ዝም ያሉት ፈርተው አይደለም። አባታቸው ደብረ ብርሃን አካባቢ ድንበር የገፋንና የተገፋን ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ከሳቸው ያዩት እንዲህ ነው፦ ድንበር በተነካበት ቀን ነገር አይነሣም፤ ያን ቀን ሁሉም እጁ ላይ አካፋ አለ። ሥራው ያልቅ፣ ደሙ ይብረድ፣ ከዚያ በበዓል ቀን ሦስተኛ ሰው ተይዞ ይኬዳል። አባታቸው በዚህ መንገድ ስንቱን አስማምተዋል።

ሪድበርግ ካለው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ማርቲ ነገሩን ሰምታ ደወለች። "አባዬ፣ ሽሪፍትሊህ አድርገው። በጽሑፍ ስጠው።"

"ስድስት እርምጃ ላይ ላለ ሰው ደብዳቤ? የተጣላን እኮ ነው የሚያስመስለው።"

"ናይን፣ አባዬ፣ እዚህ እንደዚያ አይደለም" አለች። እሳቸው ግን ስለ ፈተናዋ ጠየቋት።

በሳምንቱ የሄር ኖል የጓሮ ቧንቧ ተበላሸና መጥቶ በር አንኳኳ። አቶ ይርጋ ራሳቸው ከወጥ ቤታቸው ጎማ ስበው ሰጡት። አራት ቀን ሙሉ ሲሚንቶው የተቦካው በሳቸው ውኃ ነው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ለሠራተኞቹ ዳቦና ሻይ እያወጡ፣ በባላቸው አጠገብ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ግድግዳው ደግሞ ከጠማው ንገረኝ፣ ባልዲም አለን" ይሏቸው ነበር።

ለገና አቶ ይርጋ ሱፍ ለበሱ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋሽ ባሕሩን ይዘው፣ ኬክ አስይዘው ሄዱ። ሄር ኖል ደስ ብሎት ተቀበላቸው። ጋሽ ባሕሩ በወጉ ጀመሩ፤ የጤናውን፣ የእናቱን፣ የብርዱን። ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ አቶ ይርጋ ቀስ ብለው ወደ ገመዱ መጡ። የሄር ኖል ፊት አመድ መሰለ።

"ሄር ይርጋ፣ እዚያው ቆመው ነበር እኮ። ውኃ ሰጥተውናል። ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም? ገመዱን ማንቀሳቀስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።"

ከልቡ ነው የጠየቀው። ጋሽ ባሕሩ ጀርመንኛው ስላመለጣቸው ጎንበስ ብለው "ምን አለ?" አሉ።

"ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ነው የሚለኝ።"

"የገፋው እሱ፣ ተወቃሹ አንተ?"

ኬኩ ሳይቆረስ ተመለሱ።

ቀያሽ መጥቶ ለካ። ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ገብቷል፤ የቀረው መተላለፊያ ስድሳ ነው። ከዚያ ማርቲ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ይዛ ጠበቃ ዘንድ ወሰደቻቸው። ጠበቃዋ በሰነዱ ላይ አጎንብሳ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀች፦ መስመሩ ሲታለፍ ወዲያው ተቃውመዋል?

"በገና ሄጄ ነግሬዋለሁ በያት።"

"ግንባታው ሲጀመርስ?"

አቶ ይርጋ ይህን ያለ አስተርጓሚ ገባቸው። "ውኃ ሰጠሁት" አሉ በጀርመንኛ።

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሕጉን በእርጋታ አስረዳቻቸው፦ ሰው በስህተት ከድንበሩ አልፎ ሲሠራ ባለመሬቱ ወዲያው ካልተቃወመ፣ ግድግዳው ይቆማል፤ ለባለመሬቱ በየዓመቱ ትንሽ ካሳ ይከፈለዋል። ይፍረስ ማለት አይቻልም። ደም እስኪበርድ የሚጠብቅ አንቀጽ አልነበራትም።

አቶ ይርጋ ነገሩን ተዉት። በመተላለፊያው በጎን እየሄዱ፣ "ለአንድ ሰው ይበቃል" ይሉ ነበር።

በ2013 ፀደይ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ግራ ጎናቸው ከዳቸው። ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት የመጣው ቅጽ ላይ "ቤቱ ያለ ደረጃ መግቢያ አለው?" የሚል ጥያቄ ነበር። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል "አለው" ብለው ሞሉ። ቤቱን የገዙት ያን መንገድ ይዞ ነበርና እጃቸው በልማድ ጻፈው። አቶ ይርጋ ሰፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ የተሰጣቸው ተሽከርካሪ ወንበር ስድሳ ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው። ያመጧቸው ሁለት ሠራተኞች ወንበሩን ወደ መተላለፊያው ሲያስገቡት ሁለቱም ጎማ ግድግዳ ፋቀ፣ ተቀረቀረ። ሄር ኖል በጫጫታው ወጣ። ቀለሙ የተፋቀውን ግድግዳውን አየ፣ ወንበሩ ላይ ያሉትን ሰውዬ አየ። መጥቶ ወንበሩን ከፊት ያዘና በአምስቱ ደረጃ አብሮ ተሸክሞ አወጣቸው።

ከዚያ ወዲያ ዘወትር እሑድ ሄር ኖልና ማርቲ ተሸክመው ያወርዷቸዋል፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ያወጧቸዋል።

"ዛሬ እንኳ ስለ ግድግዳው አንድ ቃል ንገረው" ይሏቸዋል ወይዘሮ ዘርፈሽዋል።

"ተሸክሞኝ እያለ?"

ባለፈው መስከረም ሄር ኖል ጀርባውን ቀዶ ጥገና አደረገ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ከልክሎታል። ደረጃው ላይ ራምፕ፣ የወንበር መወጣጫ፣ ለመሥራት ከቤቱ እስከ እግረኛ መንገዱ ያለው ርቀት አይበቃም ተባለ። ጋሽ ባሕሩ ሰማንያ አልፏቸዋል። ማርቲ ብቻዋን አትችልም።

በኅዳር ልጠይቃቸው ስሄድ በወጥ ቤቱ በር ወጥተው፣ ጓሮው ውስጥ ከመተላለፊያው አፍ ላይ ነበሩ። ብርድ ልብስ ደርበዋል። በስንጥቁ ውስጥ ወዲያ ማዶ መንገዱ ይታያል፤ አንዲት ብስክሌት አለፈች፣ አንድ ውሻ አለፈ። ቀጥሎ ሄር ኖል ወገቡን በሐኪም መደገፊያ ታጥቆ፣ በዱላ እየተደገፈ መጣና ወደኛ ዞር ብሎ ቆመ። አቶ ይርጋ ደህናዋን እጃቸውን አነሡ። እሱም አነሣ፤ ትንሽ ቆይቶም ሄደ።

"ስትወጪ ጀርባው እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ" አሉኝ።

"እርስዎ ለምን አልጠየቁትም? ይሰማ ነበር እኮ።"

"ከዚህ ሆኜ ብጮህበት" አሉ፣ "የወቀስኩት ይመስለዋል።"