ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመች ኳስ

በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ ቢሊያርዶ፣ በጠረጴዛ ላይ ኳስ በዘንግ እየመቱ ጉድጓድ የሚያስገቡበትን ጨዋታ፣ የሚዳኝ ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እኔ ነበርሁ። ማንም አላስተማረኝም። የግሪኩ መጠጥ ቤት መስኮት ላይ ተደግፌ፣ አይቼ አይቼ፣ ሕጉን ከባለቤቱ አስበልጬ አወቅሁት። የጠረጴዛው እግሮች ምስጥ እንዳይበላቸው ላምባ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ነበር የሚቆሙት፤ ክረምት ወጥቶ ዋልካው አፈር ሲሰነጠቅ ጠረጴዛው ወዴት እንደሚያዘነብል ሳልለካ እናገር ነበር። አንድ ጊዜ በራሱ በግሪኩ ላይ ፈረድሁበት፤ ከዚያ ወዲያ ጣሊያኖቹም ከእኔ ሌላ ዳኛ አልፈለጉም። ከአገሬው ሰው ጋር መጫወት ተከልክሎባቸው ነበር፤ ግን በዚያ በረሃ ማን ያያቸዋል?

በዚያ ቤት አንድ ወግ ነበረ። ኳስ ጉድጓድ አፍ ላይ ከቆመች፣ ሕፃን እንኳ የማይስታት ከሆነች፣ ተጋጣሚው «አንሳት» ይላል፤ ሳትመታ እንደገባች ትቆጠራለች። ይህን የማይል ሰው ባለጌ ይባል ነበር።

መስከረም ላይ የአንድ ሲራራ ነጋዴ ሚስት በንዳድ ወደቀች። ወደ ጭልጋ ደጋ ካልወጣች እንደማትተርፍ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሚያወጣትን በቅሎ ግን አንድ ጣሊያን አምሳ አለቃ ለጦሩ ብሎ ወስዶበታል። ነጋዴው ሄዶ ቢለምነው ሳቀበትና «በቢሊያርዶ ካሸነፍኸኝ ውሰዳት» አለው።

ነጋዴው ራሱ ንዳዱ ጀምሮት እየተንቀጠቀጠ ገጠመ። ያም ሆኖ ደኅና ተጫወተ። የአምሳ አለቃው ኳሶች ጉድጓድ አፍ ላይ በቆሙ ቁጥር ሳያቅማማ «አንሳት» አለው። በመጨረሻ አንዲት ኳስ ቀረች፤ እሷን ያገባ አሸናፊ ነው። ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች፣ ተራው የነጋዴው ነው። ሁላችንም ያችን አንዲት ቃል ጠበቅን።

«ላ!» አለ አምሳ አለቃው በተሰባበረ ዐረብኛው፤ እንቢ ማለቱ ነው። «ይምታት።»

«አንት ዳኛ፣ ዝም ትላለህ? ስጠው እንጅ!» አለኝ በሩ ላይ የቆመ አንድ ሰካራም።

«ማንሳት የተጋጣሚ ቸርነት ነው እንጅ የዳኛ ሥልጣን አይደለም» አልሁት። ዛሬም እንዲሁ እላለሁ።

ነጋዴው መታት፤ ገባች። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አምሳ አለቃው ዘንጉን ወረወረ፤ ምንም አላየም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በዚያ ዘመን ዐይኔ የጭልፊት ነበር። የነጋዴው እጅ ሲንቀጠቀጥ የዘንጉ ጫፍ ነጯን የመምቻ ኳስ ሳይመታት አስቀድሞ ነክቷታል።

«ጥፋት ነው» አልሁ። «ኳሷ ወደ ቦታዋ ትመለስ፤ ተራው የአምሳ አለቃው ነው።»

«የማን ልጅ ነህ አንት? የኛ ነህ ወይስ የነሱ?» ብሎ ጮኸ ሰካራሙ።

ነጋዴው ግን ዘንጉን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «ተውት፤ እውነቱን ነው። እጄም ነግሮኛል» አለ። ኳሷን አውጥቶ በገዛ እጁ ጉድጓዱ አፍ ላይ መለሳት። ከዚያ ወደ አምሳ አለቃው ዞረና «አንሳት» አለው።

አምሳ አለቃው አነሳት።

በነጋታው ሚስቱን በገመድ በተጠለፈ አንገረብ አልጋ ላይ አስተኝተን በትከሻ ተሸክመን ወጣን። ሌሎቹ ይቀያየሩ ነበር፤ እኔ ግን ቦታዬን ለማንም አልሰጠሁም። እንደኔ ያለ ትከሻ በአገሩ አልነበረም። ዳገቱ ሥር ስንደርስ፣ የደጋው ነፋስ ገና ሳይነካት፣ ትንፋሿ ቆመ። እዚያው መንገድ ዳር ቀበርናት።

ስንመለስ ነጋዴው ከጎኔ ይሄድ ነበር። ከቅሉ ውሃ አካፈለኝ። ትከሻዬን አይቶ «ቆስለሃል፣ ወንድሜ» አለኝ። እስከ መተማ ድረስ አንዴም አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ መልስ ነበረኝ።