ወንድሜና ሦስተኛው አልበም

የምንወደው ባንድ ሦስተኛ አልበም ሲወጣ፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ ከማውቃቸው የባንዱ አፍቃሪዎች ሁሉ ከልቡ የወደደው ወንድሜ ብቻ ነበር። ሌሎቻችን ተናደድን። እኔ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ተናደድኩ፤ ባንዱን መውደድ ያስተማረኝ እሱ ነውና።

በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞቱ በኋላ ትምህርቱን ትቶ መኪና ላይ የወጣው እኔ እንድማር ብሎ ነው። የመጀመሪያው አልበም ሲወጣ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ሚኒባሱን አጥቦ ጥላ ሥር ያቆመዋል፤ እኔን ጋቢና ያስቀምጠኝና ቴፑን ይከፍታል። እናታችን ቤት ውስጥ ዘፈን ስለማይወዱ የምንሰማው እዚያው መኪና ውስጥ ነበር። የባንዱ ልጆች ሮክ ነው የሚጫወቱት፤ ግን ጊታሩና ድራሙ ሲጋልብ ቆይቶ ድንገት አንድ ማሲንቆ ይገባል፣ ድምፃዊውም በቀጭን ድምፁ ተከትሎት ወደ ላይ ይወጣል። ይኼኔ ወንድሜ ጣቱን ያነሳና፣ «አሁን፣ አሁን ስሚው እታለም» ይለኛል። ሁለተኛው አልበም ሲወጣም እንዲሁ አደረግን። ያኔ እኔ ትልቅ ሴት ሆኜ ነበር፤ ቢሆንም ጣቱን አነሳልኝ።

ከዚያ ባንዱ ለብዙ ዓመት ጠፋ። መሃል ላይ ጦርነቱ መጥቶ አለፈ። ሦስተኛው የወጣው ሰው የፈረሰ ግድግዳውን ጠጋግኖ፣ የተዘረፈ ዕቃውን ቀስ በቀስ መተካት ከጀመረ በኋላ ነው። እኔ ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ወንድሜ ከመርሳ ወልድያ ይሠራል። አልበሙን የሰማሁት የወጣ ዕለት ነው፤ እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ፣ ማሲንቆው አልመጣም። ድምፃዊው ከሥር ተቀብሮ ያጉረመርማል። የቀረው ቤዝ ጊታርና ድራም፣ ድም ድም ድም ብቻ ነው።

ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ዘፈን በፍላሽ የሚጭን ሱቅ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት የባንዱ ወዳጆች እዚያ እንሰባሰባለን። አልበሙ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ሱቁ እንደ ሸንጎ ሆኖ ነበር። ባለሱቁ፣ «ሰው ሲወዳቸው ጊዜ ናቁን» አለ። አንዲት ነርስ አልበሙን ከፍታ ሥራ መሥራት እንዳልቻለችና ራሷን እንዳመማት ተናገረች። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ብቻ ሊከላከልላቸው ሞከረ። «ሰዎቹ አድገዋል፤ ሐዘን ነው የዘፈኑት። ሐዘን ደግሞ ሁልጊዜ በቀጭን ድምፅ አይመጣም» አለ። ስንት ጊዜ እንደሰማው ሲጠየቅ ግን ሁለቴ ሰምቶ ወደ ሁለተኛው አልበም እንደተመለሰ አመነ፤ ሁሉም ሳቁበት።

ወንድሜ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ብቅ ያለው በዚህ መሃል ነው።

«ከሦስቱ ይሄ ይበልጣል» አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

«በምን ይበልጣል?» አለው ባለሱቁ።

«ይገባል» አለና ደረቱን በመዳፉ መታ።

እኔ ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ እናታችንን ልጠይቅ መርሳ ስመላለስ መኪናው ውስጥ ስሰቃይ ቆይቻለሁ። ድምፁን እስከ ጥግ ለቆት ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። እናቶች «ልጄ፣ እባክህ ቀንስልን» እያሉ ይለምኑታል፤ ዞር ብሎም አያያቸው። «ወንድም ጋሼ፣ የድሮውን ክፈትልኝ» ስለው ደግሞ ኮስተር ብሎ፣ «የድሮው ሞቷል» ብሎኛል። ያ ቃል ውስጤን አቁስሎት ነበር። እናም ሁሉም በሚሰማበት፣ ፊቴን ወደ እሱ አዙሬ፣

«ምን ታደርጉታላችሁ፣ ጆሮው ደንቁሯል» አልኩ።

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ አልሳቀም። አፌን ትክ ብሎ አየና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

ሰው ይባስ ሳቀ። እኔም ቀልዱን በቀልድ የመለሰ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ። የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ስደውልለት ስልኩን አያነሳም። ኩራት ነው አልኩ፤ እኔም ኮራሁ። የወልድያና የመርሳ አፍቃሪዎች የምንጻጻፍበት የቴሌግራም ቡድን ነበረን፤ እዚያ ላይ አልበሙን ከአንደኛው ዘፈን እስከ መጨረሻው እየበለትኩ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። በመጨረሻም ይህን የሚወድ ጆሮውን ይመርመር ብዬ ደመደምኩ። ብዙ ሰው ወደደልኝ። ወንድሜ በዚያው ቀን ከቡድኑ ወጣ። ኢድ ሲደርስ መርሳ ወረድኩ፤ ለእናታችን ስል አብረን በላን፤ እሱ ከምግቡ ቀና ሳይል ተነሣ። «ምን ነካችሁ ልጆቼ?» አሉ እናታችን። በአንድ የዘፈን አልበም ተጣላን ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ሦስት ወር ያህል እንዲህ አለፈ። አንድ ጠዋት እናታችን አሟቸው መርሳ አድሬ ወደ ሥራ ስመለስ ተራው የእሱ መኪና ሆነ። ሳያየኝ ገብቼ ልክ ከኋላው ተቀመጥኩ። ከመርሳ እንደወጣን ዘፈኑን ገና አልከፈተም ነበር፤ ሁሉም ጸጥ ብሏል። ልታረቀው ቆረጥኩና፣

«ወንድም ጋሼ» አልኩት።

አልመለሰም። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ሥር ደገምኩት። አልዞረም። ይሄን ያህል ጠላኝ ብዬ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ አዘኑልኝ መሰል፣ «ሹፌር፣ ኧረ ልጅቱን አናግራት» አሉት። ለእሳቸውም አልመለሰም።

ሲሪንቃን ከማለፋችን በፊት ከኋላችን አንድ ተሳቢ ልቅደም ብሎ ክላክሱን ያስጮኽ ጀመር። ቆዳ የሚሸረክት ጩኸት ነበር። ሁላችንም ዞረን አየን፤ ወንድሜ ግን ጉድጓድ ሊሸሽ መሪውን ወደ መሃል አዞረ። ተሳቢው ጎናችንን ታክኮ አለፈ፤ የእኛ ስፖኪዮ መስታወት ተገንጥሎ አስፋልቱ ላይ ተፈጠፈጠ። ሴቶቹ «ያ ረቢ» አሉ። ማንም አልተጎዳም።

ሁለቱም መኪኖች ቆሙ። የተሳቢው ሹፌር እየሮጠ መጥቶ ወንድሜን በሸሚዙ አንገት ያዘው።

«አትሰማም?» አለው።

ወንድሜ እጁን እንኳ አላነሳም። «አልሰማም» አለ።

ሰውየው እንቢተኝነት መስሎት ገፈተረው። ተሳፋሪውም ጥጋበኛ ሲል ሰደበው። እኔ ግን ፊቱን አየሁት፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባኝ፤ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ።

ረዳቱ ተሳፋሪዎቹን ሌላ መኪና ላይ ካሳፈረ በኋላ ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። አፌን እያየ ቀስ ብዬ እንዳወራ በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከባድ መሣሪያው ጎረቤት ግቢ የወደቀ ቀን ጆሮዬ ጮኸ ብዬሽ አልነበር? አልተወኝም። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ቀጥሎ አዛኑ ራቀኝ። ከዚያ የእማ ድምፅ፣ ከዚያ ያንቺ። ቀጭን ነገር ሁሉ ሄደ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ሁለቴ ደገምኩለት። «መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛላ። ሌላ ምን እችላለሁ?» አለና ስለ ዘፈኖቹ ነገረኝ። «የድሮዎቹን ስከፍት፣ ማሲንቆው የሚገባበትን ቦታ አውቀዋለሁ። እጠብቀዋለሁ። አይመጣም። አዲሱን ስከፍት ግን መጣልኝ። በመሪው፣ በወንበሩ ገብቶ ደረቴን መታኝ። ሁላችሁም ስትጠሉት ለእኔ ብለው የሠሩት መሰለኝ።»

«ያን ቀን ሱቁ ውስጥ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ቃሉን ከከንፈርሽ ነው ያነበብኩት» አለ። «ያወቅሽብኝ መሰለኝ። ሰው ፊት ያወጣሽብኝ መሰለኝ።»

«ወላሂ አላወቅኩም።»

«አሁን ገብቶኛል» አለ። ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ፤ አፌን ካላየ ደግሞ የምለውን አይሰማም። ብዙ ነገር አልኩ፤ ለጀርባው ነው ያልኩት።

በዚያው ዕለት መኪናውን ለባለንብረቱ አስረከበ። «ሰው ሳልገድል በመቅረቴ አልሐምዱሊላህ» ብሎ እናታችን ፊት ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ደሴ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫ አዘዘለት፤ መሣሪያው ጫጫታ ሰጠው እንጂ ቃል አልሰጠውም። ሁለት ወር ታግሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አሁን የአጎታችንን የማንጎ ማሳ ያጠጣል። ድምፁን መመጠን ስላቃተው ሲያወራ ይጮኻል፤ የማያውቁት ሰዎች ቁጡ ነው ይሉታል። ቀርቶለት የነበረው ወፍራሙ የቤዝ ድምፅም በዓመቱ ጠፋበት። ይህን የነገረኝ እናታችን ናቸው፤ እሱ ለእኔ አልነገረኝም።

በዚህ መሃል የሰዉ አስተያየት ተገለበጠ። ቴሌግራሙ ላይ ሦስተኛውን የባንዱ ቁንጮ ሥራ ነው የሚሉ በዙ። ባለሱቁም ቅዳሜ ቅዳሜ እሱኑ ይከፍታል፤ በፊት «ናቁን» ማለቱን አያስታውስም። እኔም ያንን የለጠፍኩትን ጽሑፍ አጠፋሁት። አልበሙን ግን ስንት ጊዜ ሰማሁት፤ ስፒከሩ ላይ መዳፌን አድርጌ፣ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ጭምር። ልወደው አልቻልኩም።

ባለፈው ሰሞን ማሳው ድረስ ሄጄ ስልኬ ላይ ጻፍኩለት፤ «ሰው ሁሉ ሦስተኛውን ወደደው። አንተ ቀድመህ አውቀኸዋል።»

በጭቃ እጁ ስልኩን ተቀብሎ አነበበው። «አንቺስ?» አለኝ ጮክ ብሎ።

«እኔም» ብዬ ጻፍኩ።

ጽሑፉን ሳይሆን ፊቴን ነው ያየው፤ ከአፍ ማንበብ ከለመደ ወዲህ ፊት ይመረምራል። «እሺ» አለ፤ ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ አካፋውን አንስቶ ውሃውን ወደሚቀጥለው ቦይ ሊመልስ ሄደ። ከኋላው «ወንድም ጋሼ» ብዬ ጠራሁት፤ ከዚያም ሄጄ ትከሻውን ልነካው አሰብኩ፣ ብነካውስ ምን ልለው ነው ብዬ ባለሁበት ቆምኩ።