በገርጂ በረንዳ ላይ የተረፈው አንድ ሰው

እንቅልፍ የሚባል ነገር በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም። ይህን የተናገርኩት በሥልጠናው ቀን፣ ሰላሳ ሰው ፊት ቆሜ ነው። «እኔን ላኩኝ እንጂ» አልኩ፣ «ከወሎ ሰፈር እስከ ሳሊተ ምሕረት አንዲት ነፍስ ሳትቆጠር አታመልጠኝም። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን ሠርግ ያስተናገድኩ ሰው ነኝ። ብርድም አይበግረኝም።» ሰዉ አጨበጨበልኝ። ሦስት ቀን ያልኩት በእርግጥ አንድ ቀን ተኩል ነበር፤ እሱም ቢሆን ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ጥግ ትንሽ አሸልቤበታለሁ።

የጉዞው ዓላማ ይህ ነው። ለአንድ አገር አቀፍ ሪፖርት የሚሆን መረጃ እየተሰበሰበ ስለነበር፣ በየጎዳናውና በየበረንዳው የሚያድሩ ሰዎች በአንድ ንጋት እንዲቆጠሩ ተወሰነ። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ «አካባቢውን ያውቃል» ተብዬ ተመረጥኩ። ደንቡ ቀላል ነው። ቆጠራው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት ነው። የነቃ ሰው ከፈቀደ ስሙ ይመዘገባል። የተኛ ሰው ግን አይቀሰቀስም፣ ፊቱም አይገለጥም፤ ምልክቱን ብቻ ጽፎ ማለፍ ነው። ስሙ ለተመዘገበ ሰው ደግሞ መታወቂያ ለማውጣት የሚረዳው የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍለታል። አንባቢ ይቺን የመጨረሻዋን ነገር በልቡ ይያዝልኝ።

ሳሊተ ምሕረት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

የስልኬ ደወል ጎረቤቶቼን በሙሉ ቀሰቀሰ፤ እኔን ግን አልቀሰቀሰም። ባለቤቴ አስቴር እግሬን ይዛ ከአልጋ ጎተተችኝ።

«እንቅልፍ ሥልጣን የለውም ያለው ሰውዬ የት ሄደ?»

በጨለማ ስለብስ የቡናማው ጫማዬ የግራ ክር እጄ ላይ ተበጠሰ። ሌላ ስላጣሁ የልጄን የስፖርት ጫማ ክር፣ ያውም ደማቅ ሰማያዊውን፣ አስገባሁበት። ልወጣ ስል አስቴር ነጭ ጋቢዬን በጥቁር ፌስታል ጠቅጥቃ ሰጠችኝ።

«ጋቢ ምን ይሠራልኛል? ብርድ አይበግረኝም ብዬ ተናግሬያለሁ እኮ!»

«ያዝ ብዬሃለሁ አንተ ሰው። ነገ ወገብህን የማሸው እኔ ነኝ።»

ያዝኩ። መንገድ ዳር የቆመው ሰርቪስ ውስጥ የቆጠራ ባልደረባዬ ሄለን ጠበቀችኝ። ሄለን በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ናት፤ ታብሌቱን እኔ ሬዲዮ ከምከፍተው በላይ ቀልጠፍ ብላ ትነካካዋለች።

«ጋሽ ተሾመ፣ ፌስታሉ ምንድን ነው?»

«የእድር መዝገብ ነው። የሃያ ዓመት።»

«ዋው» አለችና ጭኗ ላይ ወዳለው ታብሌት ተመለሰች።

በሲኤምሲ አድርገን መገናኛን ስናልፍ መንገዱ ባዶ ነበር። ቀን ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ በሃያ ደቂቃ ጨረስነው። አዲሶቹ የእግረኛ መንገድ መብራቶች እንደሆኑ፣ ጉንዳን ስታዛጋ ያሳያሉ። እኔም አብሬያት አዛጋሁ፤ ሄለን ግን አላየችኝም።

ወሎ ሰፈር፣ አሥር ሰዓት ከሩብ

ከጋራዦቹ አጥር ሥር ሰባት መኝታ ተደርድሯል። በስድስቱ ላይ ሰው አለ። አምስቱ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር ተከናንበው ተኝተዋል። እኛ አገር ባለ ፎቁም ባለ በረንዳውም ሲተኛ እንዲሁ ነው፤ ፊቱን አንድ ጊዜ ከሸፈነ ወላጅ እናቱም አትለየውም። ስድስተኛው ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው፤ ነቅተው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። በሰባተኛው መኝታ ላይ ሰው የለም። ካርቶን ተነጥፎ፣ ብርድ ልብስ ታጥፎበት፣ ከላይ ድንጋይ ተጭኖበታል።

«ሰላም አደሩ አባባ?»

«አልሐምዱሊላህ። በዚህ ሌሊት ምን ልትሸጡልን ነው?»

«ልንቆጥራችሁ ነው የመጣነው።»

«ባለፈውም ቆጥራችሁናል። ከዚያ ወዲህ ተዋልደን እንደሆነ ልታዩ ነው?»

ስማቸውን ሙሄ ብለው አስመዘገቡ። ከዚያ በመቁጠሪያቸው ወደ ድንጋዩ ጠቆሙኝ።

«እሷንም ጻፍ።»

«ድንጋዩን?»

«ዘይነብን ነው እንጂ! ቦታዋ ነው።»

ሄለን ጎንበስ አለች። «ሶሪ አባባ፣ ባዶ ቦታ አይቆጠርም። ሩሉ እንደዚያ ነው።»

«ባለፈውም እንዲህ ብላችሁ አለፋችኋት!» አሉ ሙሄ። «ልጅቱ የቀን ሥራ እንዳይቀድሟት ሌሊት ተነሥታ በእግሯ ገርጂ ትሄዳለች። አሁን እዚያው አንድ ያለቀ ፎቅ በቋሚነት ጽዳት እንቅጠርሽ ብለዋታል። መታወቂያ ይዘሽ ነይ፣ እስከ ሰኞ እንጠብቅሻለን አሏት። መታወቂያ ልታወጣ ሄደች፤ የቤት ቁጥር አምጪ አሏት። ቤት ልትከራይ ሄደች፤ ሥራሽ ምንድን ነው አሏት። ይኸው ትዞራለች። ወላሂ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ እሷን ሳያት ራሴን ያዞረኛል።»

ነገሩ ገባኝ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። «አባባ ሙሄ፣ ገርጂ ላይ በመርፌ ቀዳዳ ውስጥ ብትሆን እንኳ ጎትቼ አውጥቼ እመዘግባታለሁ።»

«ብዙ አትማል። ጻፋት ብቻ።»

ገርጂ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ገርጂ ስንደርስ የየራሳችንን ታብሌት ይዘን ሥራ ተከፋፈልን። ሄለን የሱቆቹን በረንዳ እየዞረች የተኙትን ልትቆጥር፣ እኔ ዘይነብን ልፈልግ። ያለቀውን ፎቅ ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። የጥበቃው ሰው ካፖርቱን እስከ ጆሮው ስቦ ቆሟል።

«ዘይነብ? ሱብሂ ልትሰግድ መስጊድ ገብታለች። ስትመለስ ማዶ ያ በረንዳ ላይ ነው የምትቀመጠው። እዚያ ጠብቃት።»

የተዘጋው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ በሱሪዬ ገብቶ በአንገቴ ወጣ። ግራ ቀኙን አየሁ፤ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ጋቢዬን ከፌስታሉ አወጣሁ። አንጸባራቂው የቆጣሪ ሰደርያዬ እንዳይጨማደድ አወለቅሁና አጣጥፌ ራሴ ሥር አደረግሁት። መብራቱ ዓይኔን ሲወጋኝ ተከናነብኩ። ልተኛ አልነበረም፤ ዓይኔን ላሳርፈው ብዬ ነው።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ይነሡ!»

ጋቢውን ስገልጥ ነግቷል። አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ሻርፗን አገጯ ሥር ያሰረች ሴት አጎንብሳ ታየኛለች።

«ባለ ሱቁ ሲመጣ በረንዳውን በባልዲ ውሃ ነው የሚያጥበው። የተኛ ሰው ይኑር አይኑር አያይም። አዲስ ነዎት መሰል?»

ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ ሳብኩ።

«ያስታውቃሉ። ሰው ሲሚንቶ ላይ እንዲሁ አይተኛም፣ ኩላሊት ይጨርሳል። ማዶ ከዕቃ ቤቱ የፍሪጅ ካርቶን ይለምኑ። የቴሌቪዥኑን እንዳይወስዱ፤ ሰፊ ነው ግን አጭር ነው፣ እግር ውጭ ያሳድራል። ጫማዎንም አውልቀው ራስዎ ሥር ያድርጉት፣ ይወስዱብዎታል።» አጠገቤ ቁጭ አለች። «ማን አባረረዎት? ሚስት ናት?»

«ሚስቴ ናት» አልኩ። አልዋሸሁም፤ ያን ሌሊት ከአልጋ ያባረረችኝ እሷ ናት።

«አይዞዎት፣ ይበርድላታል። ሽማግሌ ይላኩባት።» ከትንሽ ፌስታል አንድ ዳቦ አወጣች፣ ለሁለት ገመሰችና ግማሹን ጋቢዬ ላይ አኖረችልኝ። «ዘይነብ እባላለሁ። ሰው ካስቸገረዎት የዘይነብ እንግዳ ነኝ ይበሉ።»

በመጨረሻ ሰደርያዬን ከትራሴ ሥር አውጥቼ ለበስኩት። ሰደርያውን አየች፤ እኔን አየች፤ ደግማ ሰደርያውን አየች።

«ቆጣሪ ነዎት?!»

በሻርፗ አፏን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ጥበቃው ማዶ ሆኖ ምን እንዳሳቃት ሳያውቅ አብሯት ሳቀ። ለአንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስሟን ከነአባቷ በእኔ ታብሌት መዘገብኩ።

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

አነበብኩላት።

«አሁን አለሁ ማለት ነው?»

«አለሽ።»

ሄለን ጥግ ላይ ስትጠብቀኝ ጋቢው ወደ ፌስታሉ ተመልሷል። «የት ጠፉ ጋሽ ተሾመ? እኔ ሙሉውን ጨርሼ በሱቆቹ ጀርባ ዞሬ መጣሁ» አለችኝ። «ሥራ ላይ ነበርኩ» አልኳት።

በመገናኛ በኩል ወደ ቢሮ

ሰርቪሱ ገርጂ አውርዶን ስለተመለሰ፣ እስከ መገናኛ በሚኒባስ ሄድን። ረዳቱ ሰደርያችንን አይቶ ትራፊክ ፖሊስ መስለነው ትርፍ የጫናቸውን ሁለት ሰዎች አጎንብሱ አላቸው። «እኛ ሰው ነው የምንቆጥረው» ስለው ይባስ ደነገጠ። መገናኛ ወርደን መንገድ ዳር ሻይ በፓስቲ ቀመስን። ሄለን ገንዘብ ልትከፍል ስትል ከለከልኳት፤ በሥራዬ ኮርቼ ነበር። ኩራቱ ቢሮ እስክንደርስ ድረስ ቆየልኝ።

ቢሮ፣ ረፋድ አራት ሰዓት

አስተባባሪያችን አቶ ግርማ አብሮ አደጌ ነው። ይህ መጥፎ ነው፤ ምክንያቱም የማጋነን ታሪኬን ከሥሩ ያውቀዋል።

«ገርጂ ላይ አሥር ሰው ብላችኋል» አለ። «እኔ ለማጣሪያ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በመኪና አልፌ ዘጠኝ ነው ያየሁት። ሄለንም ተኝተው ያገኘቻቸው ዘጠኝ ናቸው። አሥረኛዋ የማን ናት?»

«የእኔ ናት። ዘይነብ ትባላለች።»

«መዝጊያው ላይ አሥር ደቂቃ ሲቀር የተገኘች ዘይነብ።» መነጽሩን አወለቀ። «ተሾመ፣ አንተ የእድሩ ድንኳን ሦስት መቶ ሰው ይይዛል ብለህ ሰማንያ ሰው ዝናብ ያስመታህ ሰው ነህ። ከማጣሪያው በላይ ቁጥር መላክ አልችልም። ስድስት ሰዓት ላይ ሪፖርቱ ይሄዳል። አንዱ ይሰረዝ፤ የምትሰረዘውም እሷ ናት።»

«አለች እኮ ግርማ! በእናቴ እልሃለሁ!»

«ቦሌ ድልድይ ሥር አንበሳ አየሁ ስትልም በእናትህ ነበር የማልከው።»

«ጅብ ነው ያልኩት።»

ሄለን ሳቀች። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ያልጨመርኩበት እውነት ይዤ መጥቼ የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። ግርማ ጣቱን ወደ ታብሌቱ ሰደደ። እኔ የታየኝ ያ ድንጋይ የተጫነበት ብርድ ልብስ ነው።

«ቆይ!» አልኩ። «ስሕተቱ ከዘጠኙ ውስጥ ነው። ሄለን፣ ምልክታቸውን አንብቢልን።»

አነበበች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እግሬን ወንበሩ ሥር ሸሸግሁ።

«ወንድ። ነጭ ጋቢ፣ እስከ ራሱ ተከናንቧል። ቡናማ ጫማ፣ የግራው ክር ሰማያዊ። በጣም ከፍተኛ በሆነ ድምፅ ያንኮራፋል። ሪማርክ፦ ታሞ ሊሆን ስለሚችል የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል።»

ዝም ብል እኔ እተርፋለሁ፣ ዘይነብ ትሰረዛለች። የግራ እግሬን ከወንበሩ ሥር አውጥቼ መሐል ወለሉ ላይ አኖርኩት። ከዚያ ጋቢውን ከፌስታሉ አወጣሁ።

ሄለን በእጇ አፏን ያዘች። «ጋሽ ተሾመ! የእድር መዝገብ አላሉኝም?»

ግርማ ሰማያዊዋን ክር ለረጅም ጊዜ አያት። «እኔም በመኪና ሳልፍ ቆጥሬሃለሁ ማለት ነው?»

«ቆጥረኸኛል።»

«ልቤን ነክተኸው ነበር እኮ! ይሄ ምስኪን አልኩ።»

ሰባተኛው ሰውዬ ተሰረዘ፤ ዘይነብ ዘጠነኛ ሆና ቀረች። ችግሩ ታብሌቱ ያለ ምክንያት አይሰርዝም። ከተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚገጥም ስለጠፋ ግርማ በገዛ ጣቱ «ቆጣሪው ተኝቶ ተቆጠረ» ብሎ ጻፈበት፤ ታብሌቱም ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጨመረበት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ይህ ዓረፍተ ነገር ከሪፖርቱ ጋር ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ። በአገር አቀፍ ደረጃ እታወቃለሁ ብዬ ስፎክር ኖሬ፣ ምኞቴ በዚህ ሞላልኝ።

ሳሊተ ምሕረት፣ ከሰዓት በኋላ

ቤቴ ስደርስ አስቴር «እንዴት ነበር?» አለችኝ። «አንድ ሺህ ሰው…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። የሆነውን እንደሆነ ነገርኳት። ሳቀች፣ ከዚያ ወገቤን ልታሽ ቅባት ይዛ መጣች። ቁልፍ ያለው በርና አልጋ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ጋቢዬን ከተከናነብኩ በኋላ ሁለት የሠለጠኑ ቆጣሪዎች በረንዳ ላይ ካሉት ሊለዩኝ አልቻሉም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንንና የፍሪጁ ካርቶን ከቴሌቪዥኑ እንደሚሻል ነው። ደብዳቤው ቅዳሜ ተፈረመ። በዚያው ቀን ወሎ ሰፈር ሄጄ ለዘይነብ በእጇ ሰጠኋት፤ ሰኞ ገና አልደረሰም ነበር።

ለግርማም ለአስቴርም ያልነገርኩት አንድ ነገር ቀርቷል። ዘይነብ ያን ግማሽ ዳቦ ጋቢዬ ላይ ስታኖርልኝ «ቆጣሪ ነኝ፣ ቁርስሽን ያዢ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ርቦኝ ነበር፤ በላሁት። ማን እንደሆንኩ ያሳየኋት ፍርፋሪውን ከጋቢዬ ላይ ካራገፍኩ በኋላ ነው።